በጅማ ጭቃ ሦስት ዓይነት ሳንቃ ሞክሬ አንዱን ያዝኩ

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። ከጌራ እሸት ቡና ጭኜ ወደ አጋሮ እየመጣሁ ነው። አሥር ጆንያ፣ ከ600 ኪሎ በላይ ይሆናል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዝናቡ ካባራ ሩብ ሰዓት አይሞላውም። አንዷን ቁልቁለት ጨርሼ ዳገቱን ልይዝ ስል የመኪናው ኋላ ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። ከዚያ ቀጥ አለ። ንቅንቅ የለም።

ቡና የሚያመላልስ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፤ መብላላት ይጀምራል። ጠዋት ማጠቢያ ጣቢያ ሲደርስ ተረካቢው እጁን ጆንያው ውስጥ ይከትና ሙቀቱን ይለካል። ያሸታል። ከዚያ ዋጋው ይወርዳል። ገበሬው ግን ፍሬ በፍሬ መርጦ ነው የለቀመው። የእኔ መኪና ጭቃ ስለያዘው የእሱ ድካም ሲበላሽ ማየት ያማል።

የዚያን ቀን መጀመሪያ ላይ አልደነገጥኩም። ስፖንዳው ላይ፣ ጎማ ጭቃ ሲይዘው ከሥሩ የሚገባ፣ ሁለት ብርቱካናማ የፕላስቲክ ሳንቃ አስሬ ነበር። ከአዲስ አበባ በ13,500 ብር ገዝቼ ካመጣኋቸው ሦስት ሳምንት አልሞላቸውም። ረዳቴ አወረዳቸው፤ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ሸጎጥናቸው። ፎር ዊል አስገባሁና ነዳጅ ሰጠሁ። ጎማው ጮኸ። ቀጥሎ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ በስልክ መብራት ሳየው የግራው ሳንቃ ወገቡ ላይ ለሁለት ተሰብሯል። የቀኙ ጥርሶቹ ቀልጠው ልሙጥ ሆኗል። ጎማው ላይ ብርቱካናማ ፕላስቲክ ተለጥፎ ይጨሳል።

እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እዚያው ቆየን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሌላ ሳንቃ ሞክሬያለሁ። ይሄን የምጽፈው እኔ የከፈልኩትን ሌላ ሰው ሁለተኛ እንዳይከፍል ነው። በተለይ ጅማ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ሸካ ለሚነዳ ሰው። የእኛ ጭቃ በቪዲዮ ላይ እንደምናየው የበረሃ አሸዋ አይደለም።

ዕቃውን ለማያውቀው ልንገር። ትራክሽን ቦርድ የሚባለው አንድ ሜትር ከምናምን ርዝመት፣ ሠላሳ ሳንቲም ገደማ ስፋት ያለው ጥርሳም ሳንቃ ነው። ጎማ ሥር ይገባል። የላይኛው ጥርስ የጎማውን ጥርስ ይነክሳል። የታችኛው ደግሞ መሬቱን ይይዛል። የመኪናው ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ከመጫን ይልቅ በሳንቃው ርዝመት ይከፋፈላል። ጎማው እንደ ደረጃ ረግጦት ከጉድጓዱ ይወጣል። ረዳቴ "መሰላል" ይለዋል። እኔ ሳንቃ እለዋለሁ።

አሁን ወደ ጭቃችን ልምጣ፤ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነውና። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ክረምት ሲባል ሰኔ ላይ ጀምሮ መስከረም ላይ የሚያበቃ አይደለም። በልጉም ይዘንባል። ጥቅምትም ቡናው ሲቀላ አብሮ ይዘንባል። መሬቱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ዳገት ዳገቱ ቀይ አፈር ነው። ሲረጥብ ላዩ ሳሙና ይሆናል፤ ከሥሩ ግን ጠንካራ ነው። እዚያ ላይ መኪና አይሰጥምም፤ ይንሸራተትና ቦይ ውስጥ ይገባል እንጂ። ወንዝ ዳር፣ ጨፌ ጨፌው ላይ ደግሞ ዋልካ አለ። ጥቁር ነው። ዋልካ ይውጣል። ጎማውን እስከ ቸርኬው ይጠጣውና የመኪናው ሆድ መሬት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሲጎትቱት እንኳ ይመጥጣል፤ አይለቅም። በኦሮምኛ ጭቃ "ዾቄ" ነው። ጌራ ያሉ ሽማግሌዎች ቃሉን ሲጠሩት ራሱ እግር ከጭቃ ሲነቀል ያለውን ድምፅ እሰማለሁ።

ሳንቃ ከመያዜ በፊት የማደርገው ሁሉም ሹፌር የሚያደርገውን ነበር። ድንጋይ እንፈልጋለን። ሳር እናጭዳለን። የቡና ገለባ ከተገኘ እንበትናለን። የሰፈር ልጆች ይመጡና ይገፋሉ። ልጆቹ የሚከፈላቸው ይገባቸዋል፤ እስከ አንገታቸው ጭቃ ለብሰው ነው የሚሠሩት። ግን ሌሊት ሰው የለም። ያቺ የጥቅምት ሌሊት ላይ ሳንቃው ሲሰበር ገጀራ ይዘን ወደ አንድ ማሳ ጫፍ ሄድን። የሰሳ ዛፍ ቅርንጫፎች ቆረጥን። ለቡናው ጥላ የተተወ ዛፍ ነው። በእሱ ወጣን። በሦስተኛው ቀን ስመለስ የማሳው ባለቤት መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"አንተ ነህ ዛፌን የቆረጥከው?"

"አዎ አባቴ፤ ሌሊት ተይዤ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ጠርተኸኝ ቢሆን አጣና እሰጥህ ነበር። ጥላው ከሄደ ቡናው ይቃጠላል እኮ።"

ካሳ ልከፍላቸው ብል እምቢ አሉ። የተቆረጠውን ቦታ በእጃቸው እያሳዩኝ ሄዱ። ጥሩ መሣሪያ መያዝ ግዴታዬ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለመጀመሪያው ሳንቃ ልጨርስ። የሰበረው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ኬሚስትሪ የሚያስተምር ጎረቤት አለኝ። ስባሪውን ወሰድኩለት። ምንም ሳይል ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣለው። ተንሳፈፈ። "ይሄ ተራ ፖሊፕሮፒሊን ነው" አለኝ። ከውሃ ይቀላል። ናይለን ቢሆን ይሰጥም ነበር። የውሃ ማሰሮ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የዳቦ ሣጥን የሚሠራበት ነገር ነው። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። የተለመዱት የናይለን ዓይነቶች እንደ ዓይነታቸው ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ናይለን ደግሞ ጎብጦ ይመለሳል። ትንሽ እርጥበት ሲጠጣ እንዲያውም ይበልጥ ይለዝባል፤ አይሰባበርም። ለእኛ አገር ዝናብ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

ሱቅ ውስጥ ባልዲ አይሰጡም። ግን ሳንቃውን ገልብጡና ሆዱን እዩት። አንዳንዶቹ ላይ የፕላስቲኩ ዓይነት በሁለት የላቲን ፊደል ተቀርጿል። ፒ እና ፒ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፒ እና ኤ ከሆነ ናይለን። ምንም ካልተጻፈ ጠይቁ። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ብቻ ብሎ ካለፈ አትግዙ። እኔ ስገዛ ያየሁት የላዩን ጥርስና ቀለሙን ብቻ ነው። ሆዱን አልገለበጥኩም። ቤት አምጥቼ እንኳ አላየሁትም። ሆዱ ልሙጥ ነበር። ቀይ አፈር ላይ ልሙጥ ሆድ ያለው ሳንቃ ራሱ ወደ ኋላ ይወረወራል። የቀኙ ሳንቃ ያን ሌሊት ሁለት ሜትር ተፈናጥሮ ነው የተገኘው። ረዳቴ ከኋላ ቆሞ ቢሆን ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ብቻ አይደለም። እኔም ረግጫለሁ። ይሄን ከታች በደንብ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ብረት ነው። "ፕላስቲክ አይረባም" ብዬ ቆጪ ሰፈር ወዳለ አንድ በያጅ ሄድኩ። ባለ 3 ሚሊ ላሜራ፣ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት፣ 35 ሳንቲም ስፋት። ቀዳዳ በቀዳዳ አደረገው። በጎንና በጎኑ አንግል ብረት በየደው። ላዩ ላይ የፌሮ ቁራጭ በየጣቱ ርቀት አስቀመጠ። ሁለቱ 7,800 ብር ፈጁ። ሥራው የሚያምር ነበር። ብየዳው ንጹህ ነው። በያጁንም እወደዋለሁ፤ አሁንም ስፖንዳዬን የሚሠራልኝ እሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ በ1920ዎቹ መጨረሻ የሊቢያን በረሃ በመኪና ሲያቋርጥ የተጠቀመው ይሄንኑ ነው። ካይሮ ውስጥ ከአሮጌ ብረት ቤት የገዛው የብረት ሰሌዳ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለምሽግ ጣሪያ የተሠራ። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚነጠፍ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳንቃ ሥራ ላይ አዋሉ። አንዱ ሰሌዳ 3 ሜትር ርዝመት፣ 87 ቀዳዳና 30 ኪሎ ክብደት ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ የበረሃ ነጂዎች እየቆረጡ ጎማ ሥር አደረጉት። የቀዳዳው ጥቅም ክብደት መቀነሱ ነው። በጭቃ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ጭቃው በቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣና ሳንቃው አይንሳፈፍም፤ ይቀመጣል።

የመጀመሪያዎቹን አራት ጊዜ የበያጁ ሳንቃ በደንብ አወጣኝ። ሰቃ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ፣ ደዶ ሁለት ጊዜ፣ ሸቤ አካባቢ አንድ ጊዜ። ከዚያ ችግሩ መጣ። አንዱ ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ማታ፣ በዝናብ፣ ዳገት ላይ፣ ጭቃ የለበሰ 11 ኪሎ ብረት ከጉድጓድ ነቅሎ ማውጣት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የፌሮው ጫፍ የረዳቴን መዳፍ ቀደደው። ዋናው ግን መጉበጡ ነው። ብረት አንዴ ከጎበጠ ጎብጦ ይቀራል። አምስተኛው ጊዜ ላይ ሳንቃው መሃሉ ገብቶ ሁለት ጫፉ ወደ ላይ ተነሳ። ጎማው ሲያልፍበት የኋላው ጫፍ ብድግ ብሎ የመኪናዬን ሆድ ወጋ። ማርሚታዬን ጨረገደው። የፍሬን ቱቦው ከዚያ አራት ጣት ያህል ነው የሚርቀው። ጎሚስታው ጋ መኪናውን ክሪክ ላይ አውጥተን ስናየው ዝም አልን።

አሁን እነዚያ ብረቶች ግቢዬ በር ላይ የውሃ ቦይ ድልድይ ሆነዋል። ለዚያ ጥሩ ናቸው።

ሦስተኛው ማክስትራክስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠራ ሳንቃ ነው። ለዚህ ሥራ የፕላስቲክ ሳንቃን በዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ብርቱካናማውን ሁሉም ሰው አስመስሎ የሚሠራው ለዚህ ነው። የእኔ ማርክ ቱ የሚባለው ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ15፣ ስፋቱ 33 ሳንቲም። ጥንዱ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለቱንም በአንድ እጅ አነሳለሁ። የተሠራው ከተጠናከረ ናይለን ነው። እኔ ስገዛ አዲሱ ውጭ አገር ጥንዱ 300 ዶላር አካባቢ ነበር። ጅማ ሱቅ ላይ ተሰቅሎ አይቼ አላውቅም። እኔ ያገኘሁት ጥናቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ነው። መኪናውን ሲሸጥ እሱን ለብቻ በ28,000 ብር ገዛሁት። 2017 መግቢያ ላይ ነው። ባለቤቴ "ለፕላስቲክ?" አለች። ልክ ናት። ለፕላስቲክ ብዙ ነው። የአንድ ጊዜ ጭነት እሸት ሲበላሽ ስንት እንደምናጣ ቁጭ ብለን አሰብን፤ ከዚያ ተስማማን።

መጀመሪያ የተጠቀምኩበትን ቀን በደንብ ልንገራችሁ፤ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁና። ደዶ መውጫ ላይ ነው። ቀይ አፈር፣ ዳገት፣ የኋላ ቀኝ ጎማ ቦይ ውስጥ። መሪውን ለረዳቴ ሰጠሁት። እኔ ራቅ ብዬ በጎን ቆምኩ። ቀስ አድርጎ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ጎማው የመጀመሪያውን የጥርስ ረድፍ ነካ። በጎማው ቦይ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጭቃ እንደ ሊጥ ተጨምቆ በጎን ወጣ። ጥርሶቹ በቦታው ገቡ። ሳንቃው ወገቡ ላይ ጎበጠ። "አለቀ፣ ሊሰበር ነው" አልኩ በልቤ። አራት ጣት ያህል ሰመጠ። ከዚያ ቆመ። ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት አግኝቶ ማለት ነው። ጎማው አንድ ዙር ሳይሞላ መኪናው ብድግ አለ። ጎማው ሲወርድለት ሳንቃው ተመልሶ ቀጥ አለ። ምንም እንዳልተጫነበት። ሄጄ በመዳፌ ዳሰስኩት። አልተሰነጠቀም። ጥርሱ አልሞቀም።

እስከ ዛሬ 14 ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። 10 ጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ አወጣኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መቆፈርና መልሶ ማስገባት ፈለገ። አንድ ጊዜ አልቻለም፤ ጨፌ ላይ ዋልካ ውስጥ፣ ሆዱ ተቀምጦ። ያን ቀን በትራክተር ነው የወጣሁት። ባለፈው ጥቅምት ያችው የጌራ ቦይ ላይ፣ ያውም አሥራ ሁለት ጆንያ ጭኜ፣ በድጋሚ ገባሁ። 25 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ማጠቢያው በር ላይ ነበርኩ። ተረካቢው እጁን ከቶ "ቀዝቃዛ ነው፤ አውርዱት" አለ።

ቅር የሚለኝም አለ። ጥርሶቹ ጠባብ ለጠባብ ናቸው፤ ዋልካ ሲሞላቸው ልሙጥ ይሆናሉ። በየሙከራው መሃል በእንጨት መፋቅ አለባችሁ። አሸዋ ቢሆን ራሱ ይራገፍ ነበር። የእኛ ጭቃ ግን ይጋገርበታል። ሌላው፣ ሲሰምጥ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የግራውን ሳንቃ ፍለጋ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ጭቃ ውስጥ ከትቼ ነው ያገኘሁት። አሁን እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ሜትር ቢጫ ገመድ አስሬያለሁ። ገመዱን በጎን አስተኛዋለሁ፤ መኪናው ላይ አላስረውም። ቀለሙም ሲመረጥ ብርቱካናማ ይሁን። ጥቁሩ ያምራል ግን ማታ ላይ ጭቃ ውስጥ አይታይም።

የብረት ጫፍ ያለው ጥርስ የተገጠመለት ውድ ዓይነትም አለው። ለአለት ለበዛበት አገር ጥሩ ይሆናል። ለእኛ አያስፈልግም። ጎማ ይበላል።

አሁን ስለመርገጥ። ሳንቃን የሚገድለው ክብደት አይደለም። የሚሽከረከር ጎማ ነው። ናይለንም ቢሆን ይቀልጣል። ማክስትራክስም ራሱ ጎማ በማሽከርከር የቀለጠን ጥርስ በዋስትናው አይሸፍንም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዲፍረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል፣ ኃይሉን ወደሚቀለው ጎማ ይለቀዋል። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ሲሽከረከር፣ የሚሽከረከረው ዳሽቦርዱ ከሚያሳየው እጥፍ ይሄዳል። ሰዓቱ ላይ 30 ስታዩ ያ ጎማ በ60 ፍጥነት ፕላስቲክ እየፋቀ ነው። እንደ ሞረድ። ወዲያው ጥርሱ ያልቃል። ለዚህ ነው ሁለቱ ሳንቃ አንድ አክስል ላይ፣ ግራና ቀኝ መግባት ያለባቸው። አንዱን ፊት ሌላውን ኋላ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ። ኃይሉ ባልተደገፈው ጎማ በኩል ያመልጣል።

እኔ የማደርገው ይሄ ነው። እንደተያዝኩ ወዲያው እግሬን አነሳለሁ። አንድ ጊዜ መሞከር ብቻ፤ ሁለተኛ ስሞክር ጉድጓድ እየቆፈርኩ ነው። ወርጄ እዞረዋለሁ። ሆዱ ነክቷል? ከነካ መጀመሪያ ሥሩን በአካፋ አወጣለሁ። ጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ሳንቃው ተንሸራትቶ እስኪገባ ድረስ እቆፍራለሁ። አካፋ ከሌለ ሳንቃው ራሱ ይቆፍራል። ጫፉ ጎማው ሥር እስኪገባ እመታዋለሁ፤ ላዩ ላይ ተደግፎ ከቀረ ጎማው ይገፋዋል እንጂ አይወጣበትም። ከዚያ የጎማውን ንፋስ እቀንሳለሁ። በንፋስ መለኪያው የተለመደው 36 ፒኤስአይ ከሆነ ወደ 20። ጎማው ይረዝማል፤ መሬቱን ብዙ ይይዛል። ብዙ ሹፌር ይሄን ይዘለዋል፤ ምክንያቱም መልሶ የሚሞላበት የለውም። ከሲጋራ መለኮሻው የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዙ። ያለሱ ግማሽ ሥራ ነው። ንፋሱን ሳትሞሉ ግን ጭነት ይዛችሁ አስፋልት ላይ አትሩጡ።

ከዚያ ፎር ዊል፣ ዝቅተኛውን ማርሽ፣ መሪ ቀጥ። ሰው ሁሉ ከፊትና ከኋላ ይራቅ። ልጆች ሊገፉ ይመጣሉ፤ ከኋላ አታቁሟቸው። ነዳጅ ሳይሰጡ ፍሪሲዮኑን ብቻ መልቀቅ። ደዶ ላይ አንድ አባት ቆመው ሲያዩኝ "ልጄ፣ አትቆጣው። ዝም ብለህ አስገባው" አሉኝ። መኪና ነድተው አያውቁም፤ በሬ ነው የሚነዱት። ልክ ናቸው። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር አቁሙ፣ እንደገና ቆፍሩ። ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ሳንቃው ላይ አትቁሙ። ጠንካራ መሬት እስክትደርሱ ሂዱ፤ ሳንቃውን በእግር ተመልሳችሁ አምጡት። ሩቅ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ 200 ሜትር ተመልሻለሁ።

ሌላ የረዳኝ ነገር፤ ወደ መጣችሁበት መውጣት። ወደፊት ያለውን አታውቁትም። የኋላውን ግን አልፋችሁበታል።

ማን ይግዛ? እንደ እኔ ሃይሉክስ ወይም ሃርድቶፕ ይዞ ገጠር ለገጠር የሚሠራ ሰው ሳያመነታ ይግዛ። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ፒክአፕ ላለውም እመክራለሁ። ለእሱ እንዲያውም የበለጠ ያስፈልጋል፤ ጭነቱን ወደ ኋላ አክስሉ ማቅረብ ብቻ አይርሳ። ለአይሱዙ አልመክርም። የተጫነ አይሱዙ ለሳንቃው ከባድ ነው፤ መንታ ጎማውም ስፋቱን ያልፈዋል። አንድ ጓደኛዬ ለምኖኝ እምቢ አልኩት፤ ተቀየመኝ። ሰንሰለትና ካቦ ነው ለእሱ የሚሻለው። ከጅማ አጋሮ፣ ከጅማ ቦንጋ በአስፋልት ብቻ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ለጥሩ ጎማ ያውለው። ያለቀ ጎማ ይዞ ሳንቃ መግዛት ትርፉ ድካም ነው። ሳንቃው የሚነክሰው የጎማውን ጥርስ ነው፤ ጥርስ ከሌለ ምን ይነክሳል?

28,000 ብር ለሌለው ሰውስ? ሌላ የናይለን ሳንቃ ፈልጉ። ዋጋው መሃል ላይ ያለ አለ። ሆዱን ገልብጡ፣ ፊደሉን አንብቡ። ከታችም ጥርስ ይኑረው። መሬት ላይ አስተኝታችሁ ሁለት ጫፉን ድንጋይ ላይ አድርጉና ወገቡ ላይ ቁሙበት። ጎብጦ ሲመለስ ጥሩ ነው። ነጭ መስመር ካሳየ ተዉት፤ ያ ስንጥቅ ሊሆን ያለ ነው። አስመስሎ የተሠራ ማክስትራክስም ስላለ ስሙ ሲጻፍ በቀለም ሳይሆን በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ መሆኑን እዩ። ያም ሆኖ ስም መቅረጽ ቀላል ነው፤ ዋናው ቁሱ ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። ቤት ስደርስ በውሃ እለቀልቃለሁ፤ ጭቃው ከደረቀ አይለቅም። ሁለቱ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ፖርቶመጋላው ላይ ሳይሆን የኋላ መቀመጫው ጀርባ ነው የማስቀምጣቸው። ፀሐይ ፕላስቲክን ያደርቃል። ደግሞም ሌሊት ከላይ መውጣት የለብኝም፤ በሩን ከፍቶ መሳብ ብቻ ነው።

የቀረኝ ዋልካው ነው። እዚያ ላይ አንድ ጥንድ አልበቃኝም። አራቱም ጎማ ሥር ቢገባ የሚወጣ ይመስለኛል፤ የፊቶቹም ስለሚሰምጡ። አሁን ለሁለተኛ ጥንድ እያጠራቀምኩ ነው። እስከ ቡና ለቀማ ከደረሰልኝ ትራክተር የጠራሁበት ጨፌ ላይ፣ መጀመሪያ ባዶ መኪና፣ ከዚያ አምስት ጆንያ ጭኜ እሞክረዋለሁ።